በየግንቦቱ የሚቆረጠው ወይራ

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው፤ ንጹሕ ገበሬ። ንጹሕ ስልሽ ልብሱን ማለቴ አይደለም፤ ልብሱማ እንደኔው ቡቱቶ ነው። ማሳው ላይ አንዲት አረም፣ ድንበሩ ላይ አንዲት ቁጥቋጦ አትታይም ነበር። በዚያ አገር ወጉ ይኸው ነው። ሰውየው ምን ያህል አመረተ ከመባሉ በፊት መሬቱን ምን ያህል አጸዳ ይባላል። መሬቱን ዳዋ የዋጠበት ሰው ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ ሲሄድ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ይህ ገበሬ ግን ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው ነበር።

የሺመቤት፣ እስቲ ተደላድለሽ ተቀመጪ። ጥያቄሽን የሸሸሁ እንዳይመስልሽ፤ መልሴ ረዘም ስለሚል ነው። ከተማሪዎችሽ አንዷ ተነሥታ «ቲቸር፣ እኛ ትልቅ ስንሆን ዛፍና ወንዝ ይኖራል?» ብትልሽ፣ የምትመልሺው አጥተሽ ደወል እስኪደወል ጠበቅሽ። ከዚያ እዚህ መጥተሽ «አባባ፣ ይኖራል ብዬ እንዳልዋሻቸው ፈራሁ፤ አይኖርም ብዬ ልባቸውን እንዳልሰብር ፈራሁ፤ ምን ልበላቸው?» አልሽኝ። እኔ ነቢይ አይደለሁም። የዚህን ገበሬ ነገር ግን አውቃለሁ፤ እሱን ልንገርሽ።

ገበሬው ከቤቱ በላይ አንድ ተዳፋት መሬት ነበረው። በአባቱ ዘመን ጫካ ነበር። ወይራው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ግራሩ ተጋግዞ ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይ አያስገባም ይባላል። ጫካው እንዴት አለቀ ብትይኝ፣ ሌላውም ጫካ እንዳለቀው ነው ያለቀው። ክፉ ሰው መጥቶበት አይደለም። አንዱ ልጁን ሲድር ለጎጆ ምሰሶ ቆረጠ። አንዱ ለሞፈር ቆረጠ። አንዱ ክረምት ላይ ማገዶ አጥቶ ቆረጠ፤ አንዱ አክስሎ ከተማ ወሰደ። ገበሬው ራሱ ሚስት ያገባ ጊዜ ትልቁን ወይራ ጥሎ የቤቱን ምሰሶ አቁሞበታል። ብትጠይቂያቸው ጫካውን ጨረስኩ የሚል አንድ ሰው አታገኚም፤ ሁሉም የቆረጠው አንድ ሁለት ዛፍ ነው።

ከተዳፋቱ ግርጌ ደግሞ ምንጭ ነበረች። ጫካው ካለቀ በኋላ መጀመሪያ በጋውን ቀጠነች። ቀጥሎ በየካቲት የምትደርቅ ሆነች። በመጨረሻ መስቀል ካለፈ ወዲያ ውሃዋን ያየ ሰው ጠፋ። የገበሬው ሚስት ገደሉን ወርዳ ከወንዝ መቅዳት ጀመረች፤ ጀሪካኑን አዝላ ያን ዳገት ስትወጣ ስትወርድ ወገቧ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ከመቀመጫዋ ስትነሣ ጉልበቷን በሁለት እጇ እየገፋች ነው። በዚያ አገር ወንድ ጀሪካን ተሸክሞ ከታየ ስም ይወጣለታል። ገበሬው ግን ስም ቢወጣለትም ብሎ፣ ጎረቤት ሳይነሣ ማለዳ እየወረደ የሚቀዳላት ጊዜ ነበር። እሷ ታውቃለች፤ ሌላው እንዳላወቀ ሆኖ ያልፋል።

እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰውም አልነበረም። የችግኝ ተከላ ዘመቻ ሲታወጅ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ግንቦት በገባ ቁጥር ገጀራውን ስሎ ወደ ተዳፋቱ ይወጣና ያጸዳል። እዚያ የበቀለውን ሁሉ ወፍ ዘራሽ ነው ይለዋል፤ ወፍ ጥሎት የሄደ፣ ባለቤት የሌለው ቁጥቋጦ ማለቱ ነው። ቆሞ ገጀራውን ወዲህና ወዲያ እየሰነዘረ ከምድር እኩል ያደርገዋል። ከዚያ ጉድጓዱን በገመድ አስተካክሎ በመስመር ይቆፍራል፤ ሰኔ ላይ ችግኙን ይተክላል። ተዳፋቱ ሲያዩት የተላጨ ራስ ይመስል ነበር። የልማት ሠራተኛው እንኳ ሌላውን ሰው እያመጣ «እንደዚህ ነው እንጂ!» እያለ ያሳይበት ነበር። ሁሉም የሚሠራው እንደዚያው ነበርና የተሳሳተ ነገር አለ ያለ ሰው አልነበረም።

ኅዳር ሲገባ ችግኙ ይገረጣል። ጥር ላይ ይደርቃል። ከድርቁ የተረፈውን ፍየል ይጨርሰዋል። ገበሬው በዓመቱ እንደገና ያጸዳል፣ እንደገና ይቆፍራል፣ እንደገና ይተክላል። እንደገናም ይደርቃል።

ተስፋ የሚቆርጥ ሰነፍ ነው ይላሉ፤ የሺመቤት፣ ሲሉ ብትሰሚ እንዳታምኚ። ሰነፍ ምን አድርጎ ምን ይቆርጣል? ተስፋ የሚቆርጠው ለፍቶ ለፍቶ የልፋቱን ያጣ ሰው ነው። ስለዚህ ይህ ገበሬ አንድ ቀን ተዳፋቱን አሻቅቦ አይቶ «ይህ መሬት ሞቷል» ቢል አትፍረጂበት። እኔም አልፈረድኩበትም።

በዚያው ሰሞን ወደ ቆላ ወርደው መስፈር የሚፈልጉ ይመዝገቡ ተባለ። ሰፊ መሬት አለ፣ ወንዝ አለ ተባለ። ከሰፈሩ ሁለት ሦስት አባወራ ተነሣ። ገበሬው ብዙ ቀን ከራሱ ጋር ሲሟገት ከርሞ ለሚስቱ ነገራት። መሬቱ እንደማይድን፣ ወገቧም ከዚህ ዳገት ጋር እንደማይድን፣ ሌላ ዘዴ እንዳጣ አንድ በአንድ አስረዳት። እሷ ተወልዳ ያደገችውም፣ ወላጆቿን የቀበረችውም እዚያው ነው። ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለችው፤

«ከሄድክ እከተልሃለሁ። ደስ ብሎኝ ግን አይደለም፤ ይህን እወቅልኝ።»

የዚያን ዓመት እህል ዘርተው ነበርና እሱን ሰብስበው፣ አንድ ክረምት ደግመው፣ የሚመጣው መስቀል ሲያልፍ ሊሄዱ ተስማሙ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ቤቱን ሲያይ የሌላ ሰው ቤት እንደሚያይ ሆነ። ምሰሶውን ሲደገፍ እንኳ ቶሎ ይላቀቃል።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል የፈረሰ እርከን እየጠገነ ሳለ ድንጋይ ተንሸራቶ እግሩን ሰበረው። ወጌሻ መጣ፤ አሽቶ፣ ገጥሞ፣ በቀርከሃ ስንጥር አሰረለትና ክረምቱን ሙሉ መሬት እንዳይረግጥበት አስጠነቀቀው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ገበሬው ግን ያን ጊዜ ጠቡ እንጂ ድግሱ አልታየውም፤ ማንስ ይታየዋል?

ከእግሩ ይልቅ ያሳመመው ግንቦት መግባቱ ነው። ተዳፋቱ አልጸዳም። ጎረቤቱን አስጠርቶ እባክህ ገጀራ አሳርፍበት አለው። ጎረቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ነገ» የምትለው ቃል ግን ከአፉ አትወርድም። ነገ እያለ ሰኔ ገባ። ዘመቻውም ተዳፋቱ ስላልተዘጋጀ ወደ ሌላ ጋራ ሄደ። ፍየሎቹንም የሚያግድ ሰው አልነበረም። ሚስቱ በዚያ ወገቧ ተራራ ለተራራ ልትሯሯጥላቸው አትችልም። ስለዚህ ደጅ ላይ አሰረቻቸውና ከተዳፋቱ ሣሩን በማጭድ እያጨደች ታመጣላቸው ጀመር። ሣር ብቻ ነበር የምታጭደው፤ እንጨት እንጨት የሚለውን ማጭዷን ያዶለዱምባታል ብላ ትዘለዋለች። አስባበት አልነበረም፤ ለማጭዷ አዝና ነው።

መስከረም ጠባ። ገበሬው በምርኩዝ መራመድ ጀመረ። የመሄጃቸው ቀን ሲቃረብ አንድ ጠዋት ገጀራውን በወገቡ ሽጦ፣ ምርኩዙን ይዞ ወደ ተዳፋቱ ሊወጣ ተነሣ። ሚስቱ ገረማት። ልንሄድ ነው፣ ለማን ብለህ ታጸዳለህ አለችው። እሱም መሬቱን ዳዋ አልብሶ ሄደ የሚል ስም ትቶ እንደማይሄድ ነገራት። የሰው ኩራት እንዲህ ናት፤ ሞቷል ባልነው መሬት ላይ እንኳ የመጨረሻውን ጠጉር ልንላጭ እንነሣለን።

ወጥቶ ሲያየው ተዳፋቱ አረንጓዴ ሆኗል። አፈረ። ገጀራውን መዘዘ፣ እንደ ልማዱ ቆሞ ሊሰነዝር ሲል ግን እግሩ እምቢ አለው። በአንድ እግርና በምርኩዝ ገጀራ አይሰነዘርም። ስለዚህ መሬት ላይ ቁጭ አለና አጠገቡ ያለውን፣ ከጉልበት ከፍ ያለውን ቀንበጥ በግራ እጁ ጨብጦ ከሥሩ ሊቆርጠው ጎንበስ አለ። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ተዳፋት ላይ ሲሠራ ቁጭ ብሎ አያውቅም ነበር።

እጁ ወደ ታች ሲወርድ ጠንካራ ነገር ነካ። ድንጋይ መሰለው። ሣሩን ገለጥ አደረገ። ጉቶ ነው። መሐሉ አርጅቶ አመድ መስሏል። ዙሪያውን ግን የጉልበተኛ ሰው የእጅ አንጓ ያህል የጠነከረ እባጭ በእባጭ ላይ ተደራርቧል። እያንዳንዱ እባጭ ተቆርጦ የዳነ ቁስል ነው። ከእያንዳንዱ ቁስል ጎን ደግሞ ቀንበጥ ወጥቷል።

ዳበሰው። የመጥረቢያው አቆራረጥ ከዳገቱ በኩል ያጋደለ ነበር። አወቀው። በሠርጉ ዓመት ለምሰሶ የጣለው ወይራ ነው። ወፍ የዘራው ነገር የለም። በየግንቦቱ እየመጣ ከምድር እኩል ሲያደርገው የኖረው ይህንኑ አንዱን ዛፍ ነበር። እሱ በቆረጠ ቁጥር ዛፉ ቁስሉን ሸፍኖ እንደገና አውጥቷል። አንድ ግንቦት እንኳ አልቀረበትም።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለው፤ ብዙ ዘመን የተለየውን ወዳጁን መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው። «ይህን ሁሉ ጊዜ አንተ ነህ?»

ከዚያ አለቀሰ። ለምን እንዳለቀሰ ብትጠይቂው አጣርቶ የሚነግርሽ አይመስለኝም። ግማሹ ጸጸት ነው፤ ግማሹ ደስታ ነው። ገጀራውን ሣሩ ላይ ጥሎ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ቁጥቋጦ ሄደና ሣሩን ገለጠ። ጉቶ። ዋንዛ ነው። ወደሚቀጥለው ሄደ፤ ብሳና። አንዳንዱ ቦታ ላይ ምንም አላገኘም፤ ከሰል አክሳዮች ከነሥሩ የነቀሉት ባዶ ጉድጓድ ብቻ ነው። በብዙው ቦታ ግን ጫካው ከእግሩ ሥር ነበር።

ቆየ ብላ ልትፈልገው የወጣችው ሚስቱ ልብሱ ጭቃ ብቻ ሆኖ፣ ፊቱ ረጥቦ መሬት ላይ ብታገኘው ዳግመኛ የወደቀ መስሏት ደነገጠች። እሱ አጠገቡ አስቀመጣትና እጇን ይዞ ጉቶው ላይ አሳረፈው። ታውቂዋለሽ ወይ አላት። ዳበሰችው፤ ያጋደለውን አቆራረጥ አየች።

«ምሰሶአችን ነው» አለች።

«የሚሞተውን ስተክል፣ የሚኖረውን ስቆርጥ ኖርኩ» አላት።

ሚስቱ ከጉቶው አጠገብ ያለውን ሣር በእጇ እየነቀለች ታጸዳለት ጀመር። መስቀል አለፈ፤ የተነሡት አባወራዎች ወደ ቆላ ወረዱ፤ እነሱ ግን አንድ ዓመት ብቻ እንጨምር ተባብለው ቀሩ።

ያ ዓመት ቀላል እንዳይመስልሽ። ንጹሑ ገበሬ ተዳፋቱን ዳዋ አልብሶ ዝም አለ! ሰፈሩ ምን ይበል? አንዱ እግሩ ሲሰበር ስንፍና ገባበት አለ። አንዱ አርጅቷል አለ። ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ ሳይቀር ከተዳፋትህ ነብር እንዳይወጣብን እያሉ ቀለዱበት። ቀና ብሎ የኖረ ሰው ነውና ቀልዱ ያመዋል። እሱም እንዴት እንደሚያስረዳቸው አላወቀም፤ ጉቶ አየሁና አለቀስኩ ይበል? ፍየሎቹን አስሮ እያጨደ አበላቸው።

ግንቦት ደረሰ። የዚያ ዓመት ዘመቻ የተመደበው ወደ እሱ ተዳፋት ሆነ። አንድ ጠዋት ሰፈርተኛው ሁሉ ገጀራና ዶማ ይዞ ሽቅብ መጣ። የልማት ሠራተኛውም አብሯቸው አለ፤ ትሑት ሰው ነው፤ ፈገግ ብሎ «አያ፣ አንተ ለስንቱ ጉልበትህን ሰጥተሃል፤ ስትታመም ዝም ብለን ነበር፤ ዛሬ እኛ እናጽዳልህ» አለው። ተመልከቺ የሺመቤት፣ ገጀራው የመጣው በደግነት ነው። ጠላት ቢመጣ ጮኾ ይከላከል ነበር። ወዳጅ ሊረዳ ሲመጣ ምን ይባላል? እንቢ ካለ ስንፍናውን ራሱ መሰከረ። እሺ ካለ ወይራው ሄደ፤ ሚስቱም ቆላ ወረደች።

የመጀመሪያው ሰው ገጀራውን ሲያነሣ ገበሬው እያነከሰ ሄዶ ከፊቱ ቆመ። ልመና አልለመነም፤ አልተቆጣምም። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለ፤

«መሬቱ የእኔ ነው፤ እናንተም ወገኖቼ ናችሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ። ከመቁረጣችሁ በፊት ቁጭ በሉ። የምትቆርጡትን ጨብጡና እጃችሁን ወደ ታች ስደዱት፤ ከምን እንደ በቀለ ዳብሱት። ከዳበሰ በኋላ ልቁረጥ የሚል ካለ፣ አልከለክለውም።»

ሳቁ። ግን ሽማግሌ ሲጠይቅ ቁጭ ማለት ነውር አይደለምና አንድ ሁለቱ ለቀልድ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ አንዲት ባልቴት ተቀመጡ። ሣሩን ገለጥ ገለጥ አድርገው ቆዩና ቀና ሳይሉ ይቺ ባላቸው ቀፎ ይሰቅሉባት የነበረችው ዋንዛ ናት አሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። አጠገባቸው የነበረው ጎልማሳ ደግሞ ከግራሩ ጉቶ ላይ እጁን አላነሣም፤ አባቱ ሞፈር የጠረበበት ነው፤ እሱ ልጅ ሆኖ ፍቅፋቂውን ለቅሟል። አንዱ አንዱን እያየ ሁሉም ተቀመጠ። ቀልዱ ጠፋ። እያንዳንዱ የራሱን ወይም የአባቱን መጥረቢያ ምልክት እያገኘ ነበር። 

ከእነሱ መካከል ፍየል የሞላው አንድ ሰው ነበር። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው። ዛፉ መኖሩ ደስ እንደሚለው፣ ነገር ግን ቀንበጥ ይደግ ማለት ፍየል አይግባ ማለት እንደሆነ፣ የእሱ ቤት ደግሞ በፍየል እንደሚኖር ተናገረ። እውነቱን ነው። ገበሬው የእሱም ፍየሎች ታስረው ከዚሁ ተዳፋት በታጨደ ሣር ዓመቱን ማለፋቸውን፣ አለመክሳታቸውን ነገረው። ባለፍየሉ ያንተማ ጥቂት ናቸው አለ። ተከራከሩ። እዚያ ላልነበረ ሰው ቀላል ይመስለዋል እንጂ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጠዋት አያልቅም። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ለአንድ ዓመት ብቻ ተዳፋቱ ይከለል፣ ሣሩን ሁሉም ይጨድ፣ መጀመሪያ የሚያጭደው ግን ብዙ ፍየል ያለው ይሁን አሉ። ባለፍየሉ እያጉረመረመ እሺ አለ።

ለሰኔ የተዘጋጀውን ችግኝም አልጣሉትም። ከነሥሩ የተነቀለው ጉቶ ባዶ ቦታ ትቶ ነበርና እዚያ እንትከለው ያለው የልማት ሠራተኛው ራሱ ነው። ጥቂት ስለነበሩ ለእያንዳንዱ ችግኝ ጠባቂ ተገኘለት፤ ብዙዎቹም ተረፉ።

ሽማግሌ ቢፈርድ ፍየል አይሰማም። በዚያ ዓመት ፍየል ገብቶ ያውቃል፤ በፍየል የተኮራረፉ ጎረቤታሞችም ነበሩ፤ አስታራቂ የገባበት ጊዜ አለ። ነገር ግን አንዱ ዓመት ሲያልቅ ባለፍየሉ ራሱ የሚታጨደው ሣር ከሚጋጠው እንደሚበልጥ አየና ክልሉ ይቀጥል አለ። ቀንበጡ ሰው አከለ። ቀጥሎ ሰው አለፈ። ገበሬው ከየጉቶው ቀና ያለውን አንድ ሁለቱን እየተወ ሌላውን ይመለምላል፤ ማጽዳት የለመደ እጁ ሥራ አላጣም። የወፍ ድምፅ ተሰማ። ክረምት ላይ ከተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ እንደ ድሮው ቀይ መሆኑን ተወ።

ምንጯስ? ምንጯ ቀስ ብላ ነው። አንድ ታኅሣሥ የገበሬው ሚስት ከግርጌው ስታልፍ አቧራ ይሆን የነበረው ቦታ ጭቃ ሆኖ እግሯ ሰጠም አለ። ለማንም አልተናገረችም። ለባሏም አልተናገረችም፤ ተስፋ አድርጎ ደግሞ እንዳይሰበርባት ፈርታ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ፣ ማንም ሳያያት ሄዳ በእጇ ጫረችው። ውሃ ዘለቀና ቀስ ብሎ ጉድጓዱን ሞላው። በጣሳ ቀዳች። ደፍርሶ ነበር፤ እስኪጠል ጠበቀችው። ቤት ይዛ ገብታ ባሏ ፊት አስቀመጠችው። ከየት እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም፤ ቤት ውስጥ የወንዝ ውሃ እያለ በጣሳ ይዛ የምትመጣው ከሌላ ከየትም አይደለም። አነሣና ጠጣ።

«ጭቃ ጭቃ ይላል» አለ።

«ይበል» አለችው።

ወደ ቆላ የመሄድ ነገር ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት አልተነሣም። ወገቧ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ውሃው ቢቀርብም ያንን ሁሉ ዓመት የተሸከመችው አልወረደላትም። ይህንን የምነግርሽ ተረቱን ላሳምርልሽ ስላልፈለግሁ ነው።

እንግዲህ የሺመቤት ልጄ፣ ገበሬው እኔና አንቺ ነን። ጉቶው ደግሞ ምድር ናት። እኛ የቆረጥንበትን ቀን እናስታውሳለን፤ የደረቀብንን ችግኝ እናስታውሳለን፤ ስለዚህ አለቀላት እንላለን። እሷ ግን እኛ ሳናያት፣ እኛ ሳንለምናት፣ እኛው እየቆረጥናት በየዓመቱ ስታቆጠቁጥ ኖራለች። ምድር አለቀላት የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለራሱ ድካም ነው። ድካሙ እውነት ነው፤ ልታዝኚለት ይገባል። ነገር ግን እሱ ደከመ ማለት እሷ ደከመች ማለት አይደለም። ተስፋ አለ ስልሽ የእኛን ብርታት አይቼ እንዳይመስልሽ። የእሷን ነው ያየሁት። የቀረን ሥራ ደግሞ ተአምር መሥራት አይደለም፤ ገጀራውን ማሳረፍ፣ ፍየሉን ማሰር፣ ከባለፍየሉ ጋር ተቀምጦ መነጋገር ነው። ይከብዳል፤ ግን የሰው ሥራ ነው፤ ሰው ሠርቶታል።

ከነሥሩ የተነቀለ ጉቶ እንደማያቆጠቁጥም አትደብቂያቸው። ለዚያ ነው ተስፋ ያለው ሰው ቶሎ መነሣት ያለበት። የማይመለስ ነገር እንዳለ ያላወቀ ልጅ ነገ ዛሬ ሲል ይከርማል፤ የሚመለስ ነገር እንዳለ ያላወቀ ልጅ ደግሞ ገና ሳይነሣ ይቀመጣል። ሁለቱንም ንገሪያቸው፤ ልጆች እኛ ከምንገምተው በላይ እውነት ይችላሉ።

ያቺ ልጅ ዛፍ ይኖራል ወይ ብላ ድጋሚ ስትጠይቅሽ ግን አትመልሺላት። እኔ ስለነገርኩሽም የእኔን ቃል አትድገሚላት። ከትምህርት ቤታችሁ ጀርባ ያለው ጋራ መላጣ ነው ይላሉ፤ እኔ አላምንም። ልጆቹን ይዘሻቸው ውጪ። ቁጭ አድርጊያቸው። እጃቸውን ይስደዱና ራሳቸው ይዳብሱት።